የድልድዩ ዘፈን እንዳያሸንፍ

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከደወሉ ነው። ስፌት አዳራሻችን ውስጥ የሥራ መግቢያና መውጫ የሚነግረን የኤሌክትሪክ ደወል አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተንፈራፍሮ ተንፈራፍሮ ዝም አለ። እሰይ አልን። አሥራ አንድ ዓመት ጆሯችንን ሲበሳ የኖረ ነገር ነው። አለቃችን፣ ያንን የልክ መለኪያ ካንገቱ አውርዶት ስለማያውቅ «ሜትር» የምንለው፣ ሌላ ደወል ከመግዛት ድምፅ ማጉያው ላይ አንድ ዘፈን ይከፈት አለ። ጠዋት ስንገባ፣ ምሳ ስንወጣ፣ ማታ ስንለቅ።

«አንድ ዘፈን ብቻ ግን!» አለ ጣቱን ቀስሮ። «በየቀኑ ስትጨቃጨቁ መስማት አልፈልግም። ተስማሙና አምጡልኝ።»

ተስማሙ! አርባ ሁለት ሰው! እኛ መስኮት ይከፈት ይዘጋ በሚለው እንኳ ተስማምተን አናውቅም። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግሞ ደግ ነበር። ጨርቅ ቆራጩ፣ ስለ ሙዚቃ የማያውቁት ነገር ስለሌለ «ጋሽ ፕሮፌሰር» የምንላቸው ሽማግሌ፣ መቀሳቸውን አስቀምጠው ተነሡና «ልጆች፣ ደወል አይደለም የምንመርጠው። እስከ ዛሬ ከተዘፈነው ሁሉ ታላቁን ዘፈን ነው የምንመርጠው» አሉ። አለቀልን! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰላም የሚባል ነገር ካዳራሹ ወጣ።

እኔ ቁልፍ መትከያ ማሽን ላይ ነኝ። እዚህ ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ልጆቹ «እትዬ ቁልፍ» ይሉኛል፤ አመሌ ጥሩ ነው ብዬ አልዋሽም። መጀመሪያ ላይ ጭቅጭቁን ከሩቅ ነበር የማየው። ኮሌታ ሰፊዎቹ የከበሮው ዘፈን ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ፤ «ሰው የማያስጨፍር ዘፈን ምኑ ታላቅ ነው?» ነው ክርክራቸው። ኪስ ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ ይሄን ይሄን ያህል ሚሊዮን ሰው አይቶታል እያለች ሰው ፊት ትደቅናለች። ጋሽ ፕሮፌሰር «በታየ ብዛት ቢሆንማ እሳት የተነሣበት ቤትም ብዙ ተመልካች አለው!» ብለው ያንቧርቁባታል። አሥር ዓመት ካንድ ሳህን የበሉ ሁለት ሴቶች ተኮራረፉ። እጅጌ ገጣጣሚው በክርክር ሙቀት ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ሸሚዝ ሰፋ፤ አንድም አይደለም፣ አሥራ ሁለት! ሜትር ሸሚዞቹን አንድ ባንድ እያነሣ ሲያያቸው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

እኔ ግን ምን ቸገረኝ፣ የፈለጋችሁትን ምረጡ ብዬ ቁልፌን እተክል ነበር። በአራተኛው ቀን ጋሽ ፕሮፌሰር የድልድዩን ዘፈን አመጡ። ያኔ ነው ደሜ የፈላው።

የድልድዩ ዘፈን አሮጌ ነው፤ ድልድይ ላይ ቆሞ ሴት የሚጠብቅ ሰው ነው የሚዘፍነው። ባለቤቴ ነፍሱ እስኪወጣ ይወደው ነበር። ቀለም ቀቢ ነበር ባለቤቴ፤ መሰላል ላይ ሆኖ ግድግዳ ሲቀባም፣ ማታ ጫማውን ሲፈታም ይቺኑ ነው። ግን አይችልም! አዝማቹ ሲያልቅ ዘፋኙ ድምፁን ቁልቁል ያወርዳል፤ የኔው ጉድ ሽቅብ ይወጣል። ወጥቶ ወጥቶ መውረጃው ይጠፋዋል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ያስላል፤ ይስቅና እንደገና ከመጀመሪያው። ግጥሙ የጠፋው ቦታ ላይ ደግሞ የቀለም ስም ይሞላበታል፤ «ነጭ፣ ክሬም፣ ቀላል ሰማያዊ» እያለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ኧረ በፈጠረህ፣ ወይ ተማረው ወይ ተወው!» አልኩት። አልተማረውም፤ አልተወውምም።

ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ድምፁን ቀድቼ አላስቀመጥኩም፤ ማን ይሞታል ብሎ ይቀዳል? ልጅ አልወለድን። ያ የተበላሸ ዘፈን ያለው እንግዲህ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ግን ደህና ነበር። ሳህን ሳጥብ፣ አልጋ ሳነጥፍ ድንገት ይመጣል፤ ሽቅብ ይወጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ያስላል። ቤት ውስጥ ያለ ያህል ነው። ችግሩ፣ ትክክለኛውን ዘፈን ከሰማሁ ለሁለት ሦስት ቀን የሱ ይጠፋብኛል። ዘፋኙ መጥቶ ቦታውን ይይዝበታል። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ ከተከፈተ «ወራጅ አለ!» ብዬ እወርዳለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ከሆነ የያዝኩትን ጥዬ እወጣለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ በቀን ሦስቴ፣ በሳምንት ስድስት ቀን። አሥራ ስምንት ጊዜ! ያ ዘፈን ካሸነፈ ባሌን ሁለተኛ መቅበሬ ነው።

ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም ትሉ ይሆናል። ምን ብዬ? «ባሌ አበላሽቶ የሚዘፍነውን እንዳታስረሱኝ» ብዬ? አርባ አንድ ሰው ፊት? እኔ የቀብሩ ዕለት እንኳ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ወንበር ስቆጥር የዋልኩ ሴት ነኝ።

ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። አፌን ከፈትኩ። «ይሄም ዘፈን ተብሎ! ድልድይ ላይ የተገተረ ሥራ ፈት! ሴትየዋ ቀረች፤ ቀረች ነው፣ ቤትህ ግባ!» አልኩ። «ጠዋት ጠዋት ይሄን ከሰማን እጃችንን ነው የምንሰፋው» አልኩ። ምሳ ላይ፣ መጸዳጃ ቤት ተራ ስንጠብቅ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ ዘፈኑን ሳማ ዋልኩ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ዘፈኑን ሰምተውት የማያውቁት ልጆች «ቆይ፣ እትዬ ቁልፍን እንዲህ የሚያንገበግባት ምን ዓይነት ዘፈን ነው?» ብለው ስልካቸው ላይ ፈለጉት። በማግስቱ ሦስቱ ያንጎራጉራሉ። ከዚያ አሥራ አንዱ። ዝም ብል ኖሮ በጋሽ ፕሮፌሰርና በሁለት ጓደኞቻቸው ድምፅ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ!

እሳቱን ለማጥፋት ለከበሮው ዘፈን ቅስቀሳ ጀመርኩ። የማልወደውን ዘፈን! እከክልኝ ልከክልህ ነው ነገሩ፤ ለኮሌታ ሰፊዎቹ መስኮት ሥር ያለውን ቦታዬን እለቃለሁ አልኩ፤ ለኪስ ሰፊዋ የቅዳሜ የጽዳት ተራዋን እሠራላታለሁ አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሎቹ ዘፈኖች ሁሉ ወድቀው ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ የድልድዩና የከበሮው።

ሜትር ሁለት ማሰሮ የሚያህሉ ጠርሙሶች አምጥቶ መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እያንዳንዱ ሰው አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ይወስድና የፈለገበት ጠርሙስ ውስጥ ይጨምራል። ቁልፉ የሚወጣው ከማን መሳቢያ ነው? ከኔ። ለጅብ ሥጋ አደራ ማለት ይሄ ነው።

ሰው ሁሉ መርጦ ምሳ ሲወጣ እኔ ቀረት አልኩና አንድ እፍኝ ቁልፍ የከበሮው ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለኔ ነው። ከሰዓት ሜትር ቁልፎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈና ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ድልድይ ሃያ ሦስት። ከበሮ ሠላሳ አራት።

«ኀምሳ ሰባት?» አለ። «እኛ አርባ ሁለት ነን እኮ።»

ጋሽ ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «እነዚህ አሥራ አምስቱ ደግሞ አነስ ያሉ ናቸው» አሉ። «የኮሌታ ቁልፍ አይደሉም እንዴ?»

የኮሌታ ቁልፍ ናቸው! ለድምፅ የታደለው የደረት ቁልፍ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ሴትዮ ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣቴ የምለየውን አልለየሁትም። አርባ አንድ ጭንቅላት ወደኔ ዞረ።

«እትዬ ቁልፍ፣ እውነት አንቺ ነሽ?» አለች ኪስ ሰፊዋ። «ይሄን ያህል የምትጠዪው ምን አድርጎሽ ነው?»

መልሱን የሰጠችው ካውያ ናት። ካውያ ተኳሿ ናት፤ ባንድ ሳምንት ተቀጥረን አብረን ያረጀን፣ ቤቴ የምትወጣ የምትገባ፣ ባለቤቴን የምታውቀው ከዚህ ሁሉ ሰው እሷ ብቻ ናት። እጇን ጎተትኩ፤ ዝም በይ ብዬ ቆነጠጥኳት። ወይ ፍንክች!

«ተዉአት!» አለች በዕንባ። «የባሏ ዘፈን እኮ ነው! ዕድሜ ልኩን ሲዘፍንላት የኖረው! ሐዘኗ እየተቀሰቀሰባት እንጂ ጠልታው መሰላችሁ?»

ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንደገና ይመረጥ። በእጅ» አሉ። «ለሱ መታሰቢያ ይሁን።» አርባ አንድ እጅ ወጣ። ኮሌታ ሰፊዎቹ ሳይቀሩ! ለአንድ ወር ሙሉ ሲባሉ የከረሙ ሰዎች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፣ በኔ ላይ። እየመጡ ያቅፉኛል፣ ጀርባዬን ያሻሹኛል። ሰው ሲጠላኝ መልስ አለኝ፤ ሲወደኝ ግን ምን እንደሚባል አላውቅም። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። እግዜር ይስጥልኝ! ቆሜ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

በማግስቱ ጠዋት ተጀመረ። ድምፅ ማጉያው ኳ ይልና ዘፋኙ ድልድዩ ላይ ይቆማል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደኔ ያያል፤ እኔም እንዳላሳፍራቸው አንገቴን እነቀንቃለሁ። ምሳ ላይ እንደገና። ማታ እንደገና። ጋሽ ፕሮፌሰር ደግሞ ዝም ብለው አይሰሙ! አዝማቹ ሲያልቅ እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ታች እያወረዱ «አየሻት ያቺን መውረጃ? ታላቅ ያደረገችው እሷ ናት። እንደሷ የወረደ ድምፅ በዓለም የለም» ይሉኛል። ጥርሴን ነክሼ ቁልፌን እተክላለሁ።

ቤት ስገባ ጆሮዬን በትራስ እይዝ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ሳህን እያጠብኩ መጣልኝ፤ ግን አዝማቹ ሲያልቅ እንደ ድሮው ሽቅብ አልወጣም፣ ባለበት ሄደ። በስምንተኛው ሳምንት ሳሉም ቀረ። ቀለሞቹንም ማጣት ጀመርኩ፤ ክሬም ከነጭ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ባዶ ወጥ ቤት ቆሜ «ክሬም፣ ነጭ… ነጭ፣ ክሬም…» ስል አንድ ሰው ቢያየኝ አብዳለች ይል ነበር።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ የምሳው ዘፈን ተከፈተ። ጋሽ ፕሮፌሰር እጃቸውን ማውረድ ጀመሩ። ክር መቁረጫዬን አነሣሁና ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ፤ የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ቀጨ አደረግሁት።

«ባሌ ይሄን ዘፈን አይችልም ነበር!» ብዬ ጮህኩ። «ሰማችሁ? አይወርድም ነበር! ይወጣ ነበር! ያበላሸው ነበር! የኔ ያ ብልሽቱ ነው! በቀን ሦስቴ ትክክለኛውን እያስጠናችሁ ከጭንቅላቴ አወጣችሁት!»

ጠረጴዛ ላይ እንደ ሞኝ መቀስ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ዕንባዬ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል።

«ታዲያ ልጄ፣ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽንም?» አሉ ጋሽ ፕሮፌሰር ቀስ ብለው።

ካውያ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ «እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ፣ እኔ ነኝ» ትላለች። «ዝም በይ አንቺ ደግሞ» አልኳት። «የኔንም ዕንባ አንቺው ልታለቅሺልኝ ነው?» ከጠረጴዛው ያወረደችኝ እሷው ናት።

ሜትር ስለ ሽቦው አንድ ቃል አልተናገረኝም። በማግስቱ ቁራጭ ሐዲድ አምጥቶ በር ላይ ሰቀለና ሰዓት ሲደርስ ራሱ በመዶሻ ይመታው ጀመር። ስለ ታላቁ ዘፈን ያነሣ ሰው የለም። እኔን ሲያዩ ንግግራቸውን እንኳ ያቋርጣሉ፤ ያ ደግሞ ሌላ ንዴት ነው።

እኔም ጠበቅሁ። ድሮ ሁለት ሦስት ቀን ነበር የሚፈጀው፤ ይሄ ብዙ ስለሆነ ሦስት ሳምንት ይፈጅ ብዬ ሰጠሁት። ሬዲዮ አልከፈትኩም። ታክሲ ትቼ በእግሬ ተመላለስኩ። ሦስት ሳምንት ሞላ፤ አልመጣም። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ልብስ እያሰጣሁ፣ እንግዲህ ካልመጣ እኔው ልጀምርለት አልኩ። አንዴ ካስጀመርኩት የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል ብዬ።

ጀመርኩ። አዝማቹ ሲያልቅ እንደሱ ልወጣ አገጬን ቀና አደረግሁ። ድምፄ ወረደ። እንደገና ጀመርኩ። ቀለሞቹ ቦታ ስደርስ አፌ ላይ የመጣው ግጥሙ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከሱ አፍ ሰምቼው የማላውቀው ግጥም፣ ቃል በቃል። እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት። አንድም ስህተት አልነበረበትም።