ከልጃቸው ደጅ የተቀዳ ባሕር

ጉሮሮዬን አሞኝ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ቆሜ በጨው ውሃ እጉመጠመጣለሁ። ጨዋማ ውሃ አፌ በገባ ቁጥር እማማ ዘነቡ ትዝ ይሉኛል።

ልጅ ሳለሁ ላፍቶ ጎረቤታችን ነበሩ። እንግሊዝ አገር አግብታ የቀረችው ልጃቸው አንድ ክረምት ወስዳቸው፣ ባሕር አጠገብ ካለች ትንሽ መንደር ከርመው መጡ። ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ ያመጡ መስሎን ተንጋግተን ሄድን። እሳቸው ግን ከሻንጣቸው በነጠላ የተጠቀለለ አንድ ሃይላንድ የባሕር ውሃ አወጡ።

በክዳኑ እየቀዱ አጠጡን። እኛም እንደ ጸበል አማትበን ተጎነጨንና እየጮህን ተፋነው።

«ኧረ አትትፉብኝ! ከልጄ ደጅ የቀዳሁት እኮ ነው!»

ደነገጥን። እሳቸው ግን ወዲያው ለስለስ ብለው ስለ መንደሯ ያወሩልን ጀመር፤ እንደ ኖራ ስለነጣው ገደል፣ ለመርከቦች ስለሚበራው ማማ።

«ባሕሩ ደግሞ ጥሎ ይሄዳል፤ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመው ይጠብቁታል።»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ይመለሳል። እሱስ በየቀኑ ይመለሳል» አሉና የሃይላንዱን ክዳን አጥብቀው ዘጉት።

ይኸው አፌን በጨው ውሃ ሞልቼ መስተዋቱ ፊት ቆሜያለሁ። መትፋት አቃተኝ።