ስምንት ድራፍት

ሩመይሳ ሽኩር ባሕር አይታ አታውቅም። ያደገችው ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ቅርቡ ባሕር በመኪና የስድስት ሰዓት መንገድ አለ። እንዲያም ሆኖ በሃያ ሦስት ዓመቷ እንጀራዋ መርከብ ሆነ። አንድ የወኪል ቢሮ ቀጥሯት፣ የሽርሽር መርከቦች በፓናማ ቦይ እንዲያልፉ ተራ ታስይዛለች። የሰፈሩ ሰዎች «ባሕር በሌለበት ከተማ የመርከብ ሥራ!» ብለው ሲስቁባት፣ «ጨረቃን ሳይረግጡ ስለ ጨረቃ የሚያስተምሩም አሉ» ትላቸዋለች።

የቦዩን ነገር ያወቀች ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበራትም። ለካ መርከብ ተራራ ይወጣል! ከላይ የዝናብ ውኃ ያጠራቀመ ሐይቅ አለ። መርከቡ ሲገባ በሩ ይዘጋል፣ የሐይቁ ውኃ ይለቀቃል፣ ያ ሁሉ ብረት ደረጃ በደረጃ ሃያ ስድስት ሜትር ሽቅብ ይነሣል። በወዲያኛው በኩል ሲወርድ ውኃው ባሕር ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ዝናብ ሲጠፋ የመርከብ አዛዥም እንደ ገበሬ ወደ ደመና ያንጋጥጣል።

በፈረንጆቹ 2020 የሆነው ይኸው ነው። በቀደመው ዓመት ዝናቡ ስላነሰ፣ ከየካቲት ጀምሮ በሚያልፈው መርከብ ላይ የውኃ ክፍያ ተጨመረ። በመጋቢት ደግሞ ኮሮና መጣ። መንገደኞች ቀሩ፣ ቢሮው ግማሹን ሠራተኛ አሰናበተ። የሩመይሳ የሙከራ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አለቃዋ ኖምፉንዶ አንድ ጉዳይ ሰጠቻት። መንገደኞቿን ያራገፈች የሽርሽር መርከብ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ይዛ ፓስፊክ ላይ ቆማለች። ወደ አትላንቲክ ከተሻገረች ወደየአገራቸው የሚወስዳቸው አውሮፕላን ይጠብቃል። ባለቤቶቹ ግን ቦዩን ፈርተዋል፤ «ሐይቁ ጎድሏል፣ ዋጋውም ንሯል፤ ደቡብ አሜሪካን ዞራ ትምጣ» ይላሉ።

«አሳምኛቸው» አለቻት ኖምፉንዶ። «ካሳመንሻቸው አንቺን ለማስቀረት የምናገረው ነገር ይኖረኛል።»

ጊዜው ረመዳን ነበር። ሩመይሳ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ከባለቤቶቹ ጋር በእንግሊዝኛ ስትከራከር፣ አባቷ ሽኩር ቮስሎሩስ የሚባል ሰፈር ያለውን ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። ንግግሩ ሲያበቃ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ሩሚ፣ ስንት ነው ያልሽው?»

«ምኑን አባ?»

«ድራፍቱን! በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እ፣ ስምንት ነው። እስከ አሥራ ሦስትም ችግር የለውም።»

ሽኩር ቆቡን አውልቆ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «አሥራ ሦስት ድራፍት! በረመዳን! መንግሥት ለኮሮና ብሎ መጠጥ ከልክሎ ሰው በአንድ ጠርሙስ በሚታሰርበት ሰሞን! ‹ችግር የለውም› ትለኛለች ደግሞ!»

ሩመይሳ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አባ፣ ቢራ አይደለም እኮ! የመርከቡ ሆድ ውኃ ውስጥ የሚገባበት ጥልቀት ነው፤ በሜትር።»

አላመናትም። ባልዲ ውኃ ሞላችና የብረት ሳሕን አንሳፈፈችበት። ምስር ስትጨምርበት እስከ አፉ ሰመጠ። ምስሩን ገልብጣ ጥጥ ስትሞላው ከፍ ብሎ ተንሳፈፈ።

«ምስር የጫነው የዕቃ መርከብ ነው፤ ሐይቁ ሲጎድል የሚቸገረው እሱ ነው። የእኔዋ ባለ ጥጧ ናት።»

ሽኩር ሳሕኗን በጣቱ ገፋ አደረጋት። ፊቱ ፈታ አለ። «ታዲያ ምን ሆኑ ሰዎቹ?»

«ጥልቀቱንስ አመኑኝ። ዋጋው ነው ያስፈራቸው። አሥር ሰዓት ላይ ይወስናሉ።»

«ዋጋው!» አለ ሽኩር። «እኔ ኢ-ቶል የሚሉትን የመንገድ ቀረጥ አልከፍልም ብዬ ከዋናው መንገድ ወጥቼ በጀርሚስተን ስዞር የፈጀሁትን ቤንዚን ረሳሽው? ባኪ መኪናዬስ ጢሷን ለቃ መንገድ ላይ አልቀረችም? ሰዎቹ የበሩን ዋጋ ነው ያዩት፤ የዙሪያውን ጠይቂያቸው።»

ሩመይሳ አባቷን ትክ ብላ አየችው። ስለ ክፍያው ገጽ ሙሉ ጽፋለች፤ ስለ ዙሪያው የጻፈችው አንድ መስመር ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ነዳጁን፣ ተጨማሪዎቹን ሳምንታት፣ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ቀለብ አንድ በአንድ አቀረበች። ከዚያ የጀርሚስተኗን ባኪ ጨመረችበት። «ሃይቦ!» ብላ በዙሉኛ ተገርማ ሳቀች ስብሰባውን የምትከታተለው ኖምፉንዶ። «እኔም በዚያው ስዞር ነበር እኮ!» ባለቤቶቹ እርስ በርስ ተመካከሩ። ከዚያ አንደኛው «ተራ አስይዢልን» አላት።

በዘጠነኛው ቀን ከቀትር በኋላ አባትና ልጅ ስልክ ላይ ተደፉ፤ ቦዩን በቀጥታ የሚያሳይ ካሜራ አለ። ነጯ መርከብ በሁለት ግንቦች መካከል ገብታ ቆመች። ከዚያ ማንም ሳይገፋት፣ ማንም ሳይጎትታት፣ ሽቅብ መነሣት ጀመረች። ጣሪያዋ ላይ ጉንዳን የሚያካክሉ ሰዎች እጃቸውን ያውለበልባሉ።

«በዝናብ ውኃ ነው?» አለ ሽኩር በሹክሹክታ።

«በዝናብ ውኃ።»

«ሱብሓነላህ!»

የሩመይሳ የቅጥር ደብዳቤ በማግስቱ መጣ። ሽኩር ሁለቴ አስነበባትና ወራቤ ላለው ወንድሙ ለአቢሶ ደወለ።

«ሩሚ ቋሚ ሆነች!» አለው ደረቱን ነፍቶ።

«አልሐምዱሊላህ! ሥራዋ ምን ነበር?»

ሽኩር ልጁን በዓይኑ ጠቀሳት። «ድራፍት» አለ ረጋ ብሎ። «አስተግፊሩላህ!» አለ አቢሶ ከወራቤ።