ሰርቪስ ውስጥ የነገሠው ሮማዊ

ቂሊንጦ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆኜ በገባሁበት ዓመት ነው። የሠራተኛው ሰርቪስ ከሹፌሩ ጀርባ የተሰቀለች ስክሪን ነበረችው። ሹፌሩ የጦርነት ፊልም ይወዳሉ፤ እየነዱ ባያዩትም የሰይፉን ፍጭት መስማት ይበቃቸዋል። ፊልሙ እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚጻፈው ዐረብኛ ነው። ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስልኩን ይጎረጉራል። እኔ እንግሊዝኛውን እሰማለሁ፤ ከፊልም የለመድኩት ነው። ግን ዝምተኛ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሹፌሩ አዲስ ፊልም ከፈቱ። ቀይ ካባ የለበሱ የሮማ ወታደሮች በጭጋግ ውስጥ ይጓዛሉ። አለቃቸው ስሙን ሲናገር ሳላስበው፣

"ውይ! ያ የእንግሊዞች የተረት ንጉሥ ነው!" አልኩ።

ልብስ ተኳሿ ጓደኛዬ ዞረች። "የቱ?"

"ከድንጋይ ውስጥ ሰይፍ መዘዘ የሚባለው። እዚህ ግን የሮማ መኮንን አድርገውታል፤ እናቱ የአገሬው ሴት፣ አባቱ ሮማዊ።"

"ታሪክ ነው ተረት?"

"ሮማውያን እዚያ አገር ገዝተው መውጣታቸው ታሪክ ነው። ንጉሡ ተረት ነው።"

"ሰፍተው አንድ አደረጉት በይኛ!" ብላ ሳቀች።

ከኋላ "እኛም እንስማ እንጂ፣ ጮክ በይ!" አሉ። ሹፌሩ በመስታወት አዩኝና የሚወዱትን ድምፅ ቀነሱልኝ። ተነስቼ የወንበር መደገፊያ ይዤ ቆምኩ።

ትንሽ እንደተረጎምኩ፣ በጽዳት የሚሠሩ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ አንቺ ልጅ፤ ሮማውያን ጌታችንን የሰቀሉት አይደሉም እንዴ? ከነሱ መሃል ደግ ንጉሥ ይወጣል?"

ልቀመጥ ትንሽ ቀረኝ።

"እማማ፣ ከመስቀሉ ሥር ቆሞ የጌታን አምላክነት የመሰከረው መቶ አለቃስ ሮማዊ አልነበረም?"

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "እውነትሽን ነው! በይ ቀጥዪ፣ ከዚያስ ምን አለ?"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ለአለቃው ወፍራም ድምፅ፣ ለመልእክተኛው ቀጭን ድምፅ አወጣሁለት። ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ "ወራጅ አለ?" ቢሉ የሚነሳ የለም። የእኔም መውረጃ አለፈ። ሳሪስ አቦ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ መንገድ ዳር አቆሙና እሳቸውም ዞረው ማየት ጀመሩ።

ስክሪኗ ላይ፣ ወታደሮቹን ወደ ሮማ ሊመልስ የመጣው መርከብ ወደብ ላይ ቆሟል። ያልተሳፈረ ከሃዲ ነው ተብሏል። አለቃው ባሕሩን አየ፣ የአገሬውን ገበሬዎች አየ።

"እናቴ የተቀበረችበት አገር አገሬ ነው፤ ትቼው አልሄድም!" አልኩ በወፍራሙ ድምፅ። ፊልሙ ላይ ያለው "እቀራለሁ" ብቻ ነበር። ሌላውን እኔ ጨመርኩለት።

እልልታውን የጀመሩት እማማ ናቸው። ጭብጨባው ሰርቪሱን አናወጠው፣ ሹፌሩ ክላክሱን ለቀቁት፣ መንገደኛው ሠርግ መስሎት በመስኮት አየን። አንዷ አቀፈችኝ፤ ሌላዋ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣለች፣ እኔኑ ያነገሡ ይመስል።

ወደ ቃሊቲ በታክሲ ተመለስኩ። እህቴ በር ስትከፍት፣

"ምነው፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ንጉሥ ስናነግሥ ዘጋኝ" አልኳት።