ለፊደላችን የከፈትኩት በር

ሰዎቹን አስቀድሜ ልናገር። ሰናይት ታናሽ እህቴ ናት፤ ያን ጊዜ ናይሮቢ መሀል ከተማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ አያያዝ ትማር ነበር። ኑሩ የሞያሌ ልጅ ነው፤ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይነግዳል፤ ካሳራኒ ሰፈር በተከራየንበት ፎቅ በሩ ከበራችን ትይዩ ነበር። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ልጄ ሊዲያ የጓደኛዋን ፍላሽ ኮምፒውተሬ ላይ ልትሰካ ስትል እጇን ያዝኩና ምክሬን ጀመርኩ።

"ዳዲ፣ አንተስ አንድም ቀን ቫይረስ አስገብተህ አታውቅም?" አለችኝ።

እጇን ለቀቅኩ። ከዚያ ወዲህ መቀመጫ አጥቻለሁና እነሆ መልሱ።

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሦስታችን አዋጥተን ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛንና እኛ ሳሎን አስቀመጥነው። ስለ ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከአሮጌ መጽሔቶችና ከራሴ ስህተት ለቃቅሜ ነው። በራሱ የተማረ ሰው ደግሞ ያወቃትን ጥቂት ነገር ሕግ ያደርጋታል። ፍላሽ አይሰካም፤ የይለፍ ቃል ለሰው አይነገርም፤ ጸረ ቫይረሱ በየሳምንቱ ይታደሳል ብዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ኑሩ "አስካሪ" የሚል ስም አወጣልኝ፤ ናይሮቢ ዘበኛ የሚጠራው እንዲህ ነው።

"አስካሪ፣ ጫማዬንም ልታስፈትሸኝ ነው?" ይለኝ ነበር የዘፈን ፍላሹን ይዞ በራችን ላይ ቆሞ።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጠና። የቲካ መንገድ ዳርና ዳሩ ጭቃ ሆነ፤ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እርጥብ ሹራብና የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። ሰናይት የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ ሳምንት ቀርቷታል። እኔ ደግሞ የሠርግ መጥሪያ በአማርኛ እንድጽፍ ተለምኜ፣ አንድ ያገር ልጅ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በሲዲ ቀድቶ ሰጠኝ። ልጭነው ስል ጸረ ቫይረሱ ጮኸ።

"ፈረንጅ የሠራው ነገር ፊደላችንን የት ያውቀዋል!" አልኩና ጸረ ቫይረሱን አጥፍቼ ጫንኩት። ሀ ሁን ስክሪኑ ላይ ሳይ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን የሰናይት ጽሑፍ አልከፈት አለ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም፤ በፍላሽ እንዳትገለብጠው የከለከልኳት እኔው ነኝ። እሷ ፊቷን በእጇ ሸፍና ስትቀመጥ እኔ ወጥቼ ኑሩን ደረጃው ላይ ያዝኩት። ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፍቶ ያያል።

"የዘፈን ፍላሽህን ተደብቀህ ሰክተህ አጠፋኸን!"

"ወላሂ አልሰካሁም።"

"ውሸታም!"

 ገብቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ከተማ ወደሚጠግን ሰው ወሰድኩት። ፋይሎቹ እንዳልተረፉ ነገረኝና፣ ቫይረሱን ያመጣው ይሄ ነው ብሎ የአማርኛ መጻፊያውን በጣቱ አሳየኝ።

"ምን አለህ?" አለች ሰናይት ቤት ስገባ።

"አላወቀውም" አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ። የማልበላውን ዳቦ ልገዛ እወርዳለሁ፤ ሳልገዛ እመለሳለሁ። የቻፓቲ ቂጣው አፌ ውስጥ ጨርቅ ይሆንብኛል። የኑሩ በር ሲከፈት እነሳለሁ፤ እቀመጣለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለሰናይት ተናዘዝኩ። 

"እኔን ተወኝ። ኑሩ ጋ ሂድ" አለች።

ሄጄ ሳንኳኳ የከፈተልኝ የማላውቀው ተከራይ ነው፤ ኑሩ በዚያው ሰሞን እኔ ሳላይ ቤቱን ለቆ ነበር። ኢስሊ፣ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ኑሩ ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ስነግረው እጁን አላቆመም።

"ቫይረስ በማንም እጅ ይገባል፣ አስካሪ። ውሸታም ያልከኝ ግን ሰው እየሰማ ነው። ይቅርታው ለምን በጆሮዬ ብቻ ሆነ?"

 ሻይ አዘዘልኝ፤ እሱ ግን አልጠጣም።

ዛሬም ቢሆን በር ቆልፉ፣ ያልታወቀ ነገር አትክፈቱ እላለሁ፤ ትክክል ነው። ግን በር የሚከፈተው ብዙ ጊዜ "ይሄስ የኛ ነው" በምንለው በኩል መሆኑን ሳልናገር ልጆቼን ገሠጽኩ። ኑሩ፣ ይኸው ሰው እየሰማ ተናገርኩት። ሊዲያ፣ ያች ጸረ ቫይረሱን ያጠፋሁባት ደቂቃ ያስከፈለችን ይህን ነው፦ ሰናይትን አንድ ሴሚስተር፣ ኑሩን ቤቱን፣ እኔን ኑሩን።