የስፌት መኪናው ጩኸት

ጓደኞቿ መርፌ ይሏታል፤ በአፋቸው ሳይሆን በእጃቸው፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን ገጥመው አየሩን ወጋ በማድረግ። ቅጥነቷም የስፌት ፍቅሯም በዚያች አንዲት ምልክት ውስጥ አለ። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ ድምፅ አያውቅም። እናቷ ስትሞት ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ፣ እትዬ፣ ነች። መርፌ ትምህርት ቤት ገብታ ደንበኛውን የምልክት ቋንቋ ከመማሯ በፊት "ውሃ"ን፣ "ነይ"ን፣ "አይዞሽ"ን በእጅ ያስተማረቻት እሷው ነበረች። አንደበት ያበጀልንን ሰው አንጠረጥርም፤ የምንጠረጥርበትን ቃል ራሱ ያገኘነው ከእሱ ነውና።

ትምህርቷን ልትጨርስ ስትቃረብ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሠርታ እንደምትኖር የሚመክር ስብሰባ ተጠራ። ጠባቧ ቢሮ ውስጥ ዳይሬክተሩ፣ እትዬና በልምምድ ጊዜ እጇን አይቶ የወደደላት ልብስ ሰፊ ተቀመጡ። የምልክት ቋንቋ መምህርቷ ታማ ቀርታለች። ዳይሬክተሩ ግን አልተጨነቀም፤ እህት እያለች ምን አስተርጓሚ ያስፈልጋል? እትዬ በመካከል ድልድይ ሆነች።

ሰፊው ብዙ ተናገረ፤ ፊቱ ፈክቶ ነበር። የእትዬ እጆች ግን አጭር ነገር አወሩ። "መኪናዎቹ ሁሉ ተይዘዋል ይላል። ቦታ የለም።"

"ሲለቀቅ ይጥራኝ በይው" አለች መርፌ በጥድፊያ። "እስከዚያ ቁልፍ መትከልም ቢሆን እሠራለሁ።"

እትዬ ወደ ሰፊው ዞራ ተናገረች። የሰውየው ፊት ጠቆረ። መርፌ አዝኖልኝ ነው ብላ አሰበችና ስትወጣ እጁን ጨብጣ አመሰገነችው።

ከዚያ ወዲያ ቤት ዋለች። የእትዬን ልጆች አጠበች፣ አበላች፣ አስተኛች። ክረምት ገብቶ ወጣ። አንድ ቀን ክር ልትገዛ ስትወጣ በልብስ ሰፊው ደጅ አለፈች፤ በመስኮቱ በኩል አንዲት የማታውቃት ልጅ መኪና ላይ ተቀምጣለች። ሰፊው አይቷት በእጁ ጠራት። ምልክት ስለማይችል እንደ ልማዱ ከቁራጭ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ጻፈላት።

"እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? አሁንም ጩኸቱን ትፈሪያለሽ?"

ጠመኔውን ተቀበለችው። "የምን ጩኸት?"

"የመኪናው ነዋ! ላንቺ አዘጋጅቼልሽ አልነበር? 'ጩኸቱ ያስፈራታል፣ ቤት ልቀመጥ ትላለች' አለችን እህትሽ።"

ጽፎ እንደጨረሰ እጁ አየር ላይ ቀረ። ጆሮዋን አየ። የጻፈውን መልሶ አነበበ፤ ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ጆሮ ያላቸው ሰዎች ተሰብስበው፣ አንዳቸውም "ይቺ ልጅ ጩኸቱን በምኗ ሰማችው?" አላሉም ነበር። እህት ስትናገር ማን ይመረምራል?

መርፌ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ኋላ ጨርቁን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችና ሄደች።

እትዬን ሽንኩርት ስትልጥ አገኘቻት። ጨርቁን ፊቷ ዘረጋችላት። እትዬ አነበበች፤ ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠራረገች፤ አሁንም ጠራረገች።

"እኔ ሥራ ስውል ልጆቹን ማን ይይዝልኛል?" አለች በመጨረሻ። "ደግሞ ላንቺው አስቤ ነው። ውጭ ያለውን ሰው አታውቂውም፣ ያታልልሻል።"

"ባዳ እንዳያታልለኝ ብለሽ ቀደምሽው?"

"እኔ አይደለሁም እንዴ ያሳደግኩሽ? እኔ አይደለሁም..."

ሰሚ ሰው ሲከፋው ጆሮውን ቢደፍን እንኳ ነገር ይሾልክበታል። የመርፌ በር ግን ሲዘጋ ጥርቅም ነው። ቁጭ አለችና ዓይኖቿን ጨፈነች።

እትዬ ተናገረች፤ ለመነች፤ እጆቿ አየር ቀዘፉ። የእትዬ ትንሿ ልጅ አክስቷ ጭን ላይ ወጥታ፣ ጨዋታ መስሏት፣ የተጨፈነውን ዓይን በጣቷ ልትከፍት ሞከረች። መርፌ ጣቷን በቀስታ ይዛ ሳመችውና ከፊቷ ላይ አነሳችው። ዓይኗን አልገለጠችም።