በስንዝር የተለካች ሞተር

ሻርጃ አጠገብ፣ አል ጁርፍ ውስጥ፣ ከምሠራበት መጋዘን ጀርባ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ አለ። ባለፈው ሳምንት ባልዲ ልገዛ ስገባ የጠረጴዛ ፕላስቲክ ጥቅል በሩ ላይ ቆሞ አየሁ፤ ነጭ መደብ ላይ ቀይ ጽጌረዳ የታተመበት። ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ሽታው ሱቁን ሞልቶታል። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፍ ይሆናል፤ እኔ ግን ባልዲዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የጋለ ፕላስቲክ በሸተተኝ ቁጥር ቤንዚንም አብሮ ይሸተኛል፤ ጣትህን ብታጥበው ብታጥበው የማይለቅ ቤንዚን። ባለሱቁ ስንት ሜትር ልቁረጥልህ ሲለኝ «ኸላስ፣ ባልዲው ይበቃኛል» ብዬው ወጣሁ።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ሁለት ካርቶን አንስቼ ወገቤን የምይዘው ሰውዬ፣ ያኔ ዱባይ፣ ኡድ ሜታ ውስጥ ከቢሮ ቢሮ፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ በሞተር ሳይክል ምሳ አመላልስ ነበር። የሚገርምህ ያኔም ደክሞኝ ነበር። ድካም ከዕድሜ ጋር ይመጣል የሚሉት በነሐሴ ፀሐይ ሞተር ያልነዱ ሰዎች ናቸው። ሞተሯም የእኔ አልነበረችም፤ የአሠሪዬ ነበረች። ከእኔ በፊት ስንቱን ተሸክማ እንደነበር አላህ ይወቀው።

ታላቅ እህቴ ሻርጃ ነበረች። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከወሎ ወጥታ ሰው ቤት ገባች። ከኡድ ሜታ እሷ እስካለችበት ቤት በሞተር አንድ ሰዓት አይሞላም። ግን ማዳሟ ከበር ውጭ አታስወጣትም፣ እንግዳም አታስገባም። እኔ ዱባይ ከመጣሁ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ የተገናኘነው በዓርብ ስልክ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ሄልሜቴን አድርጌ ሞተሯ አጠገብ የተነሳሁትን ፎቶ ላክሁላት። እሷ እኔን ትታ ሞተሯን አየች።

«ምነው እራቁቷን?» አለችኝ።

የእናታችንን ቤት ብታውቀው አይገርምህም ነበር። እዚያ ቤት ልብስ የማይለብስ ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮው ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ መጋረጃ፣ ሶፋው ሽፋን ነበረው፤ የሶፋው ሽፋን ራሱ እንዳይቆሽሽ ሌላ ሽፋን ነበረው። እህቴ ከአገሯ ስትወጣ ሌላውን ብትተው ይህን አመል ይዛ ነው የወጣችው። ማዳሟ የወጥ ቤቱን የጠረጴዛ ፕላስቲክ ስትቀይር እህቴ ቀይ ጽጌረዳ የታተመበትን አሮጌውን አስቀረችና ለሞተሬ ልብስ ልትሰፋ ተነሳች። ቤንዚን የሚያዝበት ሰልባትዮው በፀሐይ እንዳይግል፣ አሸዋም እንዳይገባው። ልኩን ንገረኝ አለችኝ። ሜትር ከየት ላምጣ? ሰልባትዮውን በስንዝር ለካሁና በስልክ ነገርኳት።

«በማን ስንዝር?»

«በራሴ ነዋ።»

«እሺ፣ ያቺን እጅህን አውቃታለሁ» ብላ ሳቀች።

ልብሱ በቤቱ ሾፌር በኩል ደረሰኝ። ስፌቷ እንዴት ያምር ነበር መሰለህ! ዙሪያውን የሱሪ ላስቲክ አስገብታበታለች። ግን ጠበበ። ብስበው፣ ብገፋው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ስፌቱ እንዳይፈነዳ ፈርቼ አጠፍኩና ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። ሆነ ወይ ስትለኝ «ልክክ አለ» አልኳት። ውሸቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ አንድ ዓርብ ደወለችና «ኸላስ ወንድማለም፣ አገሬ ልገባ ነው» አለችኝ። ኮንትራቷ አልቋል፤ ከእንግዲህ አትመለስም። አውሮፕላኑ ከሻርጃ ከቀትር በኋላ ይነሳል። ሾፌሩ ኤርፖርት በር ላይ ያወርዳትና ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ አዛዥ የለባትም፤ እስከ ስምንት ሰዓት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ዘጠኝ ዓመት ያላየኋትን እህቴን አንድ ሰዓት ያህል ላገኛት ነው። ያቺ ሰዓት ካመለጠችኝ ሌላ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አለቃዬን ለምኜ ለምኜ ከስድስት ሰዓት በኋላ ለቀቀኝ። ልነሳ ስል ልብሱ ትዝ አለኝ። የሰፋችውን ሳታየው ትሂድ? በጉልበቴ ሰልባትዮውን ተደግፌ፣ ጥርሴን ነክሼ ሳብኩት። አንድ ክር ጠስ አለ፣ ግን ገባ። እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ የቤንዚኑን ክዳን ሳይቀር ሸፈነው። ቤንዚን ጠዋት ሞልቼ ስለነበር ክዳኑን የምከፍትበት ምክንያት አልነበረኝም። ሞተሯ ጽጌረዳ በጽጌረዳ ሆነች። መብራት ላይ ስቆም የታክሲ ነጂዎች እያዩኝ ሲስቁ እኔም ሳቅሁ።

የሻርጃን መንገድ ይዤ ጥቂት እንደሄድኩ ሞተሯ ተንገጫገጨች። ነዳጅ ብሰጣት ባሰባት። ድምጿ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ዳር አውጥቼ ረገጥኳት፣ ደግሜ ረገጥኳት፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። የከባድ መኪናው ንፋስ ይገፋኛል፣ አስፋልቱ በጫማዬ ሶል በኩል ያቃጥለኛል። ቢድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ በምንከራይበት ክፍል፣ አብሮኝ የሚኖር አንድ ጋሼ ነበር፤ ደሴ ጋራዥ ውስጥ ያረጀ መካኒክ። ደውዬ ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት።

«ካንዴላውን አውጣ» አለኝ እያዛጋ።

አወጣሁት። ብረቱ ላይ አስነክቼ ስረግጥ ሰማያዊ እሳት ቦግ አለ። «እሳት ካላት ደህና ናት፤ አጥብቀህ ግጠምና ሞክራት» አለኝ። ገጥሜ ስረግጣት ተነሳች! ካንዴላው ነበር ብዬ ጋሼን መረቅሁት፣ ጋለብኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ያው መንገጫገጭ፣ ያው መቅጠን፣ ያው መጥፋት።

«እንግዲያው ጣጣው ቤንዚን ነው» አለኝ ጋሼ መልሼ ስደውል። «ሙሉ ነው ያልከኝ? እስቲ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፍታት።»

ስፈታት ሁለት ሦስት ጠብታ አንጠባጠበችና ቆመች። ቱቦውን ነቀልኩት፤ እሱም ጣቴን አረጠበና ቆመ። ሰልባትዮው አፉ ድረስ ሙሉ ነው፣ ሞተሯ በጥም ትሞታለች። ይህን ይዤ ስፈዝ ስልኬ በማላውቀው ቁጥር ጮኸ። እህቴ ነበረች፤ ሲሟን ጠዋት ለማዳሟ መልሳ፣ ሰው ልትሸኝ ከመጣች አንዲት የአገራችን ሴት ስልክ ለምና።

«የት ደረስክ ወንድማለም?»

«ሞተሯ አስቸገረችኝ እታለም። መጣሁ፣ ወላሂ መጣሁ።»

«አትጣደፍ፣ መኪናው ብዙ ነው። ልብሷን አልብሰሃታል?»

«አልብሻታለሁ።»

ታክሲ ያዝና ሂድ ትለኝ ይሆናል። የአሠሪን ሞተር መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ምን እንደሚያመጣ እዚህ አገር የሠራ ሰው ያውቀዋል። ለጋሼ እንደገና ደወልኩለት። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ቆማ ስትቆይ ትነሳለች፣ ስትሄድ ትጠፋለች?» ብሎ አሰበ። «ክዳኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። በሷ በኩል አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም። ቆሻሻ ደፍኗት እንደሆነ እያት።»

«ጋሼ፣ ክዳኑ አይታይም። ልብስ አልብሻታለሁ።»

«ምን አልብሰሃታል?»

«ልብስ። እህቴ የሰፋችው።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «አውልቅላት ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ታፍና ነው፤ ትተንፍስ።»

ገለጥኩት። በግለቱ የለሰለሰው ፕላስቲክ ክዳኑ ላይ ተጣብቆ፣ ቀዳዳዋ ጋ እንደ እምብርት ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው አየሩ እፍፍ ብሎ ሲገባ ሰማሁ፤ ቤንዚኑም በቱቦው ወረደ። የፈታሁትን ገጥሜ አንዴ ብረግጣት ተነሳች። ልብሱን ሸሚዜ ውስጥ ልከተው ሳጥፈው እጄ ከጽጌረዳዎቹ ላይ አረፈ፤ የሻከረ፣ የሰፋ የሠራተኛ እጅ። ስንዝሩ የገባኝ ያኔ ነው። እሷ የለካችው ጥላው በሄደችው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ እጅ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ላብ ነው እንዳልልህ ላብ አያስነፈርቅም።

ስደርስ ስምንት ሰዓት ካለፈ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። እቆምበታለሁ ያለችኝ ቦታ ላይ ስልኳን ያዋሰቻት ሴት ብቻ ቆማለች። ሄልሜቴን ይዤ ስሮጥ አይታ አወቀችኝ።

«አሁን ገባች። እስከመጨረሻው ቆማ ነበር፣ ጠባቂው ነው ያላ ብሎ ያስገባት። እንዳይጣደፍ በይልኝ ብላኛለች» አለችኝ።

በመስታወቱ በኩል ብዙ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ጀርባ ይታየኛል። የትኛዋ የእኔ እንደሆነች አላወቅኋትም።

አገሯ በገባች በሳምንቱ ስትደውል «ሙሽኪላው ምን ነበር? ምን ነክቷት ነው?» አለችኝ። «ካንዴላ» አልኳት። «እርጅና ነው።» ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አገሬ ለመሄድ አስቤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነገር ያዘኝ፤ ቪዛ፣ ሹግል እንደሚሉት ሥራው፣ የአባታችን የሕክምና ወጪ። ሞተሯ ከተጣለች ቆየች። ልብሱ ግን አሁንም ትራሴ ሥር ነው።

ሱቁ ውስጥ ያየሁትን ፕላስቲክ ትናንት በቪዲዮ ስንደዋወል ነገርኳት። ስለ ክዳኑም ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሷ ግን ስለ ልጇ ጀመረች። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። «እጇ ቁርጥ የአንተን ነው። እስቲ እጅህን አሳየኝ» አለችኝ።

መዳፌን ዘርግቼ ወደ ስልኩ አቀረብኩ። እሷም ኮምቦልቻ ላይ ሆና የራሷን የስልኳ መስታወት ላይ ለጠፈች። ስልክ መቼም ሁሉን ነገር ያሳንሳል። ይህ ካርቶን ሲያነሳ የሚውል እጄ በስልኬ ጥግ ላይ ትንሽ ሆኖ፣ በእሷ መዳፍ ውስጥ ገብቶ፣ ተርፎትም ቦታ ነበረው።

«አየህ? ያችው ናት» አለችኝ።

«ያችው ናት» አልኳት።