«ለሊሴን እዩአት!»

ይህ የሆነው ከስድስት ዓመት በፊት አምቦ ውስጥ ነው። ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ያኔ የአንድ የባህል ቡድን ተወዛዋዥ ነበርኩ። የእኛ አገር ጭፈራ አንገት ይፈልጋል። ከበሮው ሲፈጥን ሴቶቹ ጭንቅላታችንን ከነፀጉራችን ወዲያና ወዲህ እናወናጭፋለን።

ለአንድ በዓል ስንለማመድ ከአንገቴ እስከ ግራ እጄ ጣቶች የሚወርድ መደንዘዝ ጀመረኝ። ለአሰልጣኛችን ለኦቦ ደጀኔ ነገርኳቸው።

«ሲሞቅሽ ይለቅሻል። ዋናው ፊትሽ ነው፤ ፈገግ በይ» አሉኝ።

በሳምንቱ ደግሜ ነገርኳቸው። «ቦታሽን ስንቱ እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ?» አሉ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። በፈገግታው ግን አንደኛ ወጣሁ። ሌሎቹን ሲቆጡ «ለሊሴን እዩአት!» ይሉ ነበር። እኔ ሞኟ ደስ ይለኝ ነበር።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጭፈራው ሲጦፍ ግራ እጄ ጭራሽ ጠፋኝ። መኖሩን ያረጋገጥኩት ዞር ብዬ አይቼ ነው። ወዲያው ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ሰውነቴ ስንት ሳምንት ሲለምነኝ ከርሞ ያን ቀን ሰማሁት። መድረኩ መሃል ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ኦቦ ደጀኔ ከመጋረጃው ጀርባ «ኢቲ ፉፊ! ቀጥይ እንጂ!» ይላሉ። ጥዬ ወጣሁ።

«አዋረድሽን!» ብለው ጮሁብኝ። እጄን እንኳ ዞር ብለው አላዩትም።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የሁላችን ታናሽ ጫልቱ መጥታ ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ።

«እኔንም ከጀመረኝ ወር አለፈው» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» ብዬ ጮህኩባት፤ ልክ እንደ ኦቦ ደጀኔ።

«ለሊሴ፣ አንቺ እየሳቅሽ ስትጨፍሪ እኔ ምን ልበል? ሁሉንም ሰው እንዲህ የሚያደርገው መስሎኝ ነበር።»

በማግስቱ አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን። የእኔ ከወራት በኋላ ተሻለኝ። የእሷ ሁለት ጣቶች ግን እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፉም።

አሁን ጎጆ በምትባል ከተማ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎችንም ጭፈራ አለማምዳለሁ። አንዷ ፊቷን ቅጭም ካደረገች ከበሮውን አስቆማለሁ። አመመኝ ላለችም ተራዋን አልነጥቃትም። ኦቦ ደጀኔን ግን ይቅር አላልኳቸውም። ራሴንም እንደዚያው።

የዚያ ቀን ፎቶ፣ ከመቆሜ በፊት ስንጨፍር የተነሳው፣ እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል። የመጣው እንግዳ ሁሉ ፈገግታዬን ያደንቃል። እኔ የማየው ከጎኔ ያለችውን ጫልቱን ነው። ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ፣ እኔን እያየች ፈገግ ብላለች።